የመጨረሻዋ ኖታ

ጉንቮር ነበር ስሟ፣ የመሰንጠቂያው ልጅ፤
ግንድ ሲንሳፈፍ እያየች ያደገች፣ ከወንዙ አፍ ደጅ።
አባቷን መጋዝ ሁለት ጣት ነስቶት፣
አኮርዲዮን ይመታል እሑድ እሑድ፣ በቀሩት ጣቶቹ፣ በጸሎት ቤት።

እኔ፣ ስለ እሷ የማወራው፣ ባስ መቺዋ ነኝ፤
ሾፌርም ነበርኩ፤ ዕቃ ጫኝ።
ቶርግኒ ይሉኛል። በፖስተሩ ላይ አልተጻፍኩም፤
ብጻፍም፣ የሚያነበኝ አይኖርም።
ባስ ማለት እንዲህ ነው፤ ሲኖር የሚረሳ፤
ሲጎድል ነው ሰው፣ «ምን ጠፋ?» ብሎ፣ አንገቱን የሚያነሳ።

ስቶክሆልም ወሰዷት፣ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣
በአንድ ሻንጣና በተዋሰችው ካፖርቷ።
«ጉንቮር ለፖስተር አይሆንም» አላት ስቱሬ፣ የስቱዲዮው ጌታ፤
«ቪቪ» አላት። ስሟን እንደ ጫማ፣ ደጅ ላይ አወለቀች በዚያች ማታ።

ዘፈኑ ስለ ሐምሌ ነበር፤ እኛ ዘንድ ፀሐይ ስለማትተኛበት ወር፣
ስለ አንድ ጀልባ፣ ስለ አንድ ወንድ፣ ስለታሰረ ክር።
ቀላል ነው፤ ሞኝ ነው፤ ሕፃን ይይዘዋል፤
መጨረሻው ላይ ግን ዜማው ይነሣል፣
ጣራ ይነካል፣
ያልፋል።

ቀዱ፤ ደግመው ቀዱ፣ ድምጿን እንደ ውሃ፤
ባልዲው ጠጠር ነካ፣ ጉድጓዱ ሆኖ በረሃ።
ያቺ ኖታ አልመጣችም።
ስቱሬ አልተቆጣም፤ ሲጋራውን አጠፋ።
«ሂጂ ተኚ» አላት፤ በሩ ላይ ሆኖ ሸኛት በደግ ፊት፤
ከዚያ ስልኩን አነሣ፣ ሌላ ሴት ሊጠራ፣ በዚያ ሌሊት።

ባሴን እያሸግሁ ነበር፤ መኖሬን ማን አስታውሶ?
ሴትዮዋ መጣች፤ በረዶው ከትከሻዋ ሳይረግፍ ጨርሶ፣
አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያቺን ብቻ፣ ለቀቀቻት እንደ መብረቅ፤
ስድሳ ክሮና ተቀብላ ወጣች፣ ጓንቷን ሳታወልቅ።
ስቱሬ ቴፑን በምላጭ ቆርጦ በፕላስተር ሰፋው፤
ስፌቱን እስከ ዛሬ አንድ ጆሮ አልለየው።

ዘፈኑ ነደደ። በየኩሽናው፣ በየነዳጅ ማደያው፣
ከማልሞ እስከ ሉሌዮ፣ ሸክላው አለቀ ከየሱቁ መደርደሪያው።
ከፓርክ ፓርክ ዞርን፣ መቶ ዐሥር ሌሊት በአንድ በጋ፤
ቢምቢ፣ ቋሊማ፣ ተረኛ መንገድ፤ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ እስኪነጋ።
ሕዝብ የከፈለው ለዚያች ኖታ ነው። የገዛ ሸክላዋ ሆኖ አሳዳጇ፣
በየምሽቱ ወጣች፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ማይክራፎኑ በእጇ።
ተሰነጠቀ ድምጿ። ሳቁባት በሱንስቫል።
አንዱ ጋዜጣ «ደክሟታል» አለ፤ ሌላው፣ «ጠጥታለች ይባላል»።

ከዚያ ሼሌፍቴዮ፤ ዝናብ፤ ሰው ሁሉ በጃንጥላ ሥር፤
ከኋላዋ ሆኜ አየሁ፣ የአንገቷ ጅማት ሲወጠር፣ እንደ ባሴ ክር።
ደረሰችባት።
እጄ ቆመ፤ ሁለት ምት አመለጠኝ፤
ዘወር ብላ ገላመጠችኝ።

ስድስት በጋ አልሳተችም። በሰባተኛው ደም ተፋች።
ስንዴ የምታህል እባጭ ነች፣ አለ ሐኪሙ፣ በድምፅሽ አውታር ላይ የበቀለች።
ዝም በይ አላት።
ዝም አለች።

ሄርኖሳንድ፣ አውቶቡስ ጣቢያ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ሸጠች፣
ከመስታወት ጀርባ፣ በሹክሹክታ፣ በራሷ ስም ተጠርታ።
መንገደኛው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ይሰጣታል፤
«እንዲህ ተሰምቼ አላውቅም» ትላለች፤ ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ፉጨት ይመስላል።

ባለፈው ኅዳር ሄድኩ፣ ልናዘዝ፣ ዕድሜዬ ሳይዘጋ።
ድንች ትልጥ ነበር፣ ጋዜጣ አንጥፋ ከመስኮቱ ጋ።
«ያ ቴፕ…» አልኳት።
«አውቃለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል።
«እኔ ከዚያች በፊት ትንፋሽ እወስዳለሁ። በሸክላው ላይ ትንፋሽ የለም።»
«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»
«አንተስ?»

ልጣጩ ረዘመ፣ ተጠማዘዘ፣ ወደቀ።
«በሼሌፍቴዮ ማንም ቴፕ አልነበረው» አለች ቆይታ፤
«ያልተቀዳ ውሃ የት ይሄዳል? እዚያው ነው።
አንተ ግን ሰምተሃል፤
ሁለት ምት ስተሃል።»

ሁለተኛ ቢላ አወጣች ከመሳቢያ፤
«ላጥ» አለችኝ።